ዘጠኝ የሚያስተኛ ድንኳን

በዚያ ቤት ፍራሽ ቀዝቅዞ አያውቅም። ሸራ ሰፊዋ እናት ጠዋት ከተነሣችበት አልጋ ላይ ባሏ ይወድቅበታል፤ ሰውዬው የመጋዘን ጥበቃ ነውና የሌላው ሰው ንጋት ለእሱ ምሽት ነው። ወንዱ ልጅ ዳቦ ጋጋሪ ነው። አገር ሲተኛ ሊጥ ሊያቦካ ይወጣል፤ መንትያ እህቶቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጡ፣ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ዱቄት እንኳ ሳያራግፍ በእነሱ ፍራሽ ላይ ይዘረጋል። የመጀመሪያዋ ልጅ ነርስ ናት፤ ሌሊቱን በሽተኛ ስታገላብጥ አድራ፣ ታናሿ በለቀቀችው ቦታ ትተኛለች። ታናሽየዋ ክርክር ስለማይሰለቻት ቤተሰቡ «ጠበቃዋ» ይላታል። የመጨረሻዋ ሚጢጢ ናት፤ እሷ ከእናቷ ብብት ሌላ አልጋ አታውቅም። የራሳቸው ብቻ የሆነ ፍራሽ ያላቸው የባልየው እናት ናቸው፤ እሱም ቢሆን ቀን ቀን የታጠበ ልብስ ይታጠፍበታል።

ሁለት ክፍል፣ አራት ፍራሽ፣ ዘጠኝ ነፍስ። ሌላ ሰው ሲሰማው ይጨንቀው ይሆናል፤ እነሱ ግን ለምደውታል፤ «መተኛ አጣሁ» ብሎ የከሰሰ እስከ ዛሬ የለም። ሁሉም በተራው ይወድቃል፣ በተራው ይነሣል።

ታዲያ አንድ ቀን ነርሷ ከሥራ መጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ ተዛወርኩ» አለች። ሩቅ ከተማ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች፤ ደመወዙ የተሻለ ነው፤ ቤትም ይሰጧታል። እናትየው «እልል! እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ድስት ማጠብ ጀመረች። ድስቱ ንጹሕ ነበር።

እዚያ ቆማ፣ እጇ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ አንድ ነገር ድንገት መጣባት። ሚጢጢ ከተወለደች ወዲህ ስድስቱ ልጆቿ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲተነፍሱ ሰምታ አታውቅም። ባሏ ሲኖር እሷ የለችም፤ እሷ ስትኖር ጋጋሪው የለም፤ ነርሷ ስትገባ ትንንሾቹ ይወጣሉ። አሁን ደግሞ አንዷ ጨርሳ ልትሄድ ነው። ሸራ ሰፊዋ ድስቱን ደፋችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እሷ ነገር ስትቆርጥ እንደዚያ ናት፤ አትጮህም፣ እጇን ትጠርጋለች።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሄደን እናድራለን» አለች ማታ። «ዘጠኛችንም። አንድ ሌሊት።»

ባልየው የጥበቃ ካፖርቱን እየለበሰ ነበር። «በምናችን? ለዘጠኝ ሰው የሆቴል አልጋ ምን ያህል እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አልጋ ማን አለህ? ድንኳን ነው ያልኩት።»

«ድንኳንስ በነፃ ይገኛል?»

«አይገኝም፤ ይሰፋል» አለች።

አማቷ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጡ ነበር። «ቤት እያለ ሜዳ ማደር ምን የሚሉት በሽታ ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ተዋት ልጄ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

እውነታቸውን ነው፤ አለቀቀችም። ድንኳን የሚያከራየው ሰውዬ የጠራው ዋጋ ጆሮ የሚያስይዝ ነበር። «የከተማውን የጭነት መኪና ግማሹን ሸራ ያለበስኩ ሴት ድንኳን ልከራይ?» ብላ በራሷ ሳቀች። በምትሠራበት የሸራ ቤት ጥግ ላይ አንድ ጫፉ የተቃጠለ፣ ባለንብረቱም «አልወስድም» ብሎ የተወው ሸራ ተጠቅልሎ ዓመት ተቀምጧል። አለቃዋን ጠየቀችው። እሱም ከንፈሩን መጦ፣ «ሁለት እሁድ ገብተሽ ሥሪና ውሰጂው» አላት፤ በቆሻሻው ላይ እንኳ ማትረፍ የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለቱንም እሁድ ገባች።

መጓጓዣውን ከጎረቤት አገኘች። ከበላያቸው ያለው ግቢ ውስጥ አሸዋ የሚያመላልስ ሾፌር ይኖራል፤ ሰፈሩ «ጥሩምባ» ይለዋል፤ ለምን እንደሚለው ጎህ ሲቀድ የሰማው ያውቃል። በየቅዳሜው ባዶውን ወደ ሐይቁ ወርዶ፣ እዚያው አድሮ፣ በማግሥቱ አሸዋ ጭኖ ይመለሳል።

«ከነፍራሻችሁም ቢሆን ውጡ፣ መኪናው እንደሆነ ባዶ ነው» አለ። «ግን እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ እናቴንም አልጠብቅም። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ እነፋለሁ። ሦስቴ ነፍቼ ካልወጣችሁ ሄጃለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«አንተ ብቻ ና። እኛ ቀድመንህ በር ላይ ነን» አለችው።

ቀለቡ ቀላል ነበር። ጋጋሪው ያልተሸጠ ዳቦ ያመጣል፤ ድንች አለ፣ ሽንኩርት አለ፤ እንቁላሉ ተቀቅሎ ይሄዳል። ትልቁ ድስት አንድ ነው፤ እሱ ራሱ ድንች ይቀቅላል፣ እሱ ራሱ ሻይ ያፈላል። መንትዮቹ «ሻዩ ድንች ድንች ቢልስ?» አሉ። «ድንቹ ሻይ ሻይ ይላል፤ ይካካሳል» አለች እናታቸው። የሚሸከመውንም ለእያንዳንዱ አደለች፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እያለች። ሚጢጢ የደረሳት የጨው ዕቃ ነበር፤ ከሐሙስ ጀምራ ከእጇ አላወረደችውም።

ከባዱ ሦስቱን የሌሊት ሠራተኞች በአንድ ቅዳሜ ማስፈታት ነበር። ባልየው ከጓደኛው ጋር ተራ ተለዋወጠ፤ በምትኩ የሚቀጥለውን ሳምንት ያለ እረፍት ይጠብቃል። ጋጋሪው አለቃውን ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ እንደገና ለምኖ አንድ ሌሊት አገኘ። የነርሷ የመጨረሻ ተራ ዓርብ ሌሊት ነው፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ዕቃዋን ትሸክፋለች። ስለዚህ ይህች ቅዳሜ ካመለጠች ሌላ የለችም። ሸራ ሰፊዋ ይህን ለማንም አልተናገረችም። በልቧ ግን ምስማር መትታበታለች።

ልኩን የወሰደችው ማታ ነው። አራቱን ፍራሾች መሬት ላይ ጎን ለጎን አስነጠፈች፤ ጠበቃዋ መብራት ያዘችላት፤ ከዳር እስከ ዳር በሜትር ለካች። ለክታም አላመነች፤ ደገመች፣ ሠለሰች። በማግሥቱ ከሥራ ሰዓት በኋላ አለቃዋን አስፈቅዳ፣ በሸራ ቤቱ ትልቅ ማሽን ላይ ያንን ድንኳን ሰፋችው። የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጣ ጣለች፤ ስፌቱን ድርብ አደረገችው፤ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ በብረት ቀለበት አጠረችው። አሮጌ የውሃ ቧንቧ ምሰሶ ሆነ፤ የፌሮ ቁርጥራጭ ካስማ ሆነ። ከሸራው የተረፈው መሐረብ አይወጣውም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ሦስቱ የሌሊት ሠራተኞች ከእንቅልፍ ተነሥተው ወደ ሥራ ሳይወጡ፣ «ኑ፣ እንሞክረው» ብላ ሁሉንም ግቢ ሰበሰበች። ድንኳኑ ቆመ። ተወጥሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ሲስቁባት የሰነበቱት ጎረቤቶች ሳይቀሩ መጥተው ሸራውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ባልየው ዙሪያውን ሄዶ፣ ካስማውን ረግጦ፣ «እኔ የምጠብቀው መጋዘን እንኳ እንዲህ አልተሠራም» አለ። እሷም ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

ፍራሾቹ ገቡ። ከግድግዳ ግድግዳ ልክ ሆኑ፤ መርፌ አያስገባም። «በሉ፣ ግቡና ተኙበት» አለች።

አማቷ ገብተው ፍራሻቸው ላይ ጋደም አሉ። መንትዮቹ በፍራሻቸው፣ ጠበቃዋ በፍራሿ፣ ሚጢጢም ከነጨው ዕቃዋ በእናቷ ቦታ። እናትየውም ገብታ ከሚጢጢ አጠገብ ተኛች። ከዚያ በሩ ጨለመ። ባሏ፣ ጋጋሪውና ነርሷ ጎንበስ ብለው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ዓይናቸው የለመደውን ቦታ ይፈልጋል፤ የለመዱት ቦታ ላይ ሰው ተኝቷል። ጋጋሪው በልማድ መንትዮቹን «ተነሡ እንጂ፣ ሰዓቴ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም።

ተጠጉ ተባለ፤ ተጠጉ። ባልየው በጎኑ ሊገባ ሞከረና ጠበቃዋ በሌላ በኩል ወጣች። ጋጋሪው እግሩን አስገባ፤ የቀረው ሰውነቱ ደጅ ቀረ።  አማትየው ከተኙበት ጣሪያውን እያዩ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ የለካሽው ሌሊቱን ነው። ቀኑን ረስተሽዋል።»

ሸራ ሰፊዋ ቀና ብላ ተቀመጠች። ነገሩ አሁን ሲነገር የሕፃን ጨዋታ ነው። አራቱ ፍራሾች ዘጠኝ ሰው ያሳድራሉ፣ ግን በፈረቃ፤ በአንድ ጊዜ የሚይዙት ስድስት ነው። ስትለካ ሦስቱ ሥራ ላይ ነበሩ። ማንም መተኛ አጥቶ ስለማያውቅ ማንም ይጎድለዋል ብላ አላሰበችም።

«እኔ እኮ መብራቱን ይዤ ሳለ አንድ ነገር ሽው ብሎኝ ነበር…» ስትል ጀመረች ጠበቃዋ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ዝም በይ» አለቻት እናቷ።

ባልየው ተንከባካቢ ሰው ነው። «ይህ ምን ያስጨንቃል?» አለ። «እኔ እንደሆነ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ደጅ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ። ለነገሩስ ሜዳ ላይ አንድ ሰው መጠበቅ አለበት።»

«እኔም እንቅልፌ የቀን ነው፤ ከአባዬ ጋር እሆናለሁ» አለች ነርሷ።

«እኔ እሳት አነዳለሁ» አለ ጋጋሪው። «እንደውም እንጫወታለን። አለቀ፣ ተስማማን!»

ሦስቱም ደስ ብሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ ነው ሸራ ሰፊዋ የተነሣችው።

«አልተስማማንም» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ግን ሚጢጢ እንኳ የጨው ዕቃዋን ይዛ ዞር አለች። «ሦስታችሁ ደጅ፣ ስድስታችን ውስጥ? ይህማ ቤታችን ነው። እንዲህማ በየቀኑ እናድራለን። እኔ ሁለት እሁድ የሠራሁት ቤቴን ሐይቅ ዳር ላደርሰው ነው? ይቺ ልጅ በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች። ሁላችሁንም አንድ ሌሊት፣ አንድ ሌሊት ብቻ፣ ከአጠገቤ ተኝታችሁ ልሰማችሁ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሐይቁንም ለእናንተ ስል ነው እንጂ ውሃ ማየት አምሮኝ አይደለም።»

ነርሷ መሬት መሬት አየች። ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ሸራው አልቋል…»

«ምላጭ አምጪልኝ» አለች ወደ ጠበቃዋ ዞራ።

«ኧረ ተይ አንቺ ሴት! ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፤ ስድስቱን የሚያስተኛውንም ታጪዋለሽ» አለ ባሏ።

አልሰማችውም። ጣሪያው ከጎን ግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን፣ ያንን የኮራችበትን ድርብ ስፌት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተረችው። የገዛ እጇን ሥራ መተርተር ያማል፤ አመማት፤ ግን አላቆመችም። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ፣ ወለሉ እርጥበት እንዳይሰጥ ከፍራሾቹ ሥር የሚነጠፉትን የዱቄት ከረጢቶች አወጣች። ጋጋሪው በየጊዜው ያመጣቸው ናቸው፤ ጠንካራ ናቸው፤ ሲደራረቡ ሸራ ባይሆኑም የሸራ የአጎት ልጅ ይሆናሉ። ባልየው ጥቂት ቆሞ አየና፣ ገብቶ አሮጌውን የዝናብ ካፖርቱን ይዞ መጣ። «ከላይ ይህን ደርቢበት፣ ከረጢቱ ውሃ ያስገባል» አለ። ይቅርታ የሚጠይቀው እንደዚያ ነው።

የሸራ ቤቱ ተቆልፏል፤ ማሽን የለም። ስለዚህ በእጅ፣ በትልቁ የሸራ መርፌ። ነርሷ ካጠገቧ ተንበረከከችና ሌላ መርፌ አነሣች።

«ትችያለሽ?»

«እማዬ፣ እኔ ሰው ሰፍቼ አውቃለሁ» አለች ነርሷ። ሁለቱም ሳቁ። ወደ ሥራ የምትሄድበት ሰዓት እስኪደርስ ጎን ለጎን ሰፉ። የነርሷ ስፌት ጥቃቅንና ጠባብ ነበር፤ የእናቷ ሰፋፊና ጥብቅ። መጋጠሚያው ላይ እጃቸው ተገናኘ። እናትየው የልጇን ጣቶች ያዝ አድርጋ ለቀቀችና፣ «በይ ሂጂ፣ ይመሽብሻል» አለቻት። የቀረውን እሷና ጠበቃዋ ጨረሱት፤ ጠበቃዋም ለአንድ ሌሊት ክርክሯን ትታ ክር አቀበለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ድንኳኑ እንደገና ግቢው ውስጥ ቆሟል። መልኩ ተበላሽቷል፤ በአንድ ጎኑ የዱቄት ፋብሪካው የደበዘዘ ጽሑፍ ያለበት ነጭ ጥብጣብ ዞሮታል፣ ከላዩ ደግሞ የጥበቃ ካፖርት፣ ከነአዝራሩ። ግን ሰፍቷል። ፍራሾቹ ካለቁበት እስከ ግድግዳው ብርድ ልብስ ተነጠፈ። ጓዙ ሁሉ ታስሮ በር ላይ ተደርድሯል። የቀረው ልኩን አይቶ፣ ነቅሎ መጠቅለል ነው።

ሦስቱ የሌሊት ሠራተኞች ከሥራ ገብተው ቁርስ እንኳ በወጉ አልበሉም፤ በቁማቸው ይወዛወዛሉ። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» አለች ሸራ ሰፊዋ። «ግቡና ቦታችሁን ዕወቁ። ከዚያ እንነቅለዋለን።»

ጫማቸውን በሩ ላይ እያወለቁ ገቡ። ባልየው ጎኑ ፍራሽ ሲነካ ሰዓቱ ነበርና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ጋጋሪው ብርድ ልብሱ ላይ ተዘረጋ፤ ማንንም ሳይገፋ። ትንንሾቹ በደስታ ጎህ ሳይቀድ የተነሡ ናቸው፤ ሙቀቱና የአባታቸው ትንፋሽ ያዛቸው። ጠበቃዋ «እኔ ቀን አልተኛም፣ ምክንያቱም…» ብላ ምክንያቱን ሳትጨርስ ቀረች። አማትየው «እኔስ ነቅቻለሁ» አሉና አንኮራፉ።

ሸራ ሰፊዋ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ለቧንቧው ሰጠች። ስምንቱን አየቻቸው። ሥራ የለመደ እጇ የሚይዘው አጥቶ ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ልቀስቅሳቸው ስትል ትንሽ ትቆያለች፤ ልቀስቅሳቸው ስትል ትንሽ ትቆያለች።

«እማዬ» አለች ነርሷ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አንቺስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ። መኪናው ሲመጣ አንድ ሰው መጠበቅ አለበት።»

«ትናንት አባዬ ይህንኑ ብሎ ምን አልሺው?»

  ነርሷ ሚጢጢን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ስባ በመካከል ቦታ አበጀች። ቦታው ነበር፤ የከረጢቱ ስፋት በትክክል የአንዲት ሴት ትከሻ ያህል ተርፎ ነበር። ሸራ ሰፊዋ ጫማዋን አውልቃ ከስምንቱ ጥንድ አጠገብ አስቀመጠችና ገባች።

ተኝታ ሰማቻቸው። ባሏ በአፍንጫው ያፏጫል፤ ጋጋሪው ሊጥ እንደሚያቦካ ሁሉ ያቃስታል፤ መንትዮቹ እየተቀባበሉ ይተነፍሳሉ። ከሁሉ ሥር አንድ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የምትቆም ትንፋሽ አለች። የነርሷ ናት። ሕፃን ሳለች እንደዚያ ነበር የምትተነፍሰው፤ ስትቆምባት እየደነገጠች ስንቴ በእጇ ደረቷን ዳስሳለች። ረስታው ነበር። ልጅቷ አድጋ፣ ሌሊት ሠራተኛ ሆና፣ እናቷ ያንን ትንፋሽ ረስታው ነበር። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ፍራሹ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ደጅ ጥሩምባው ተነፋ።

መነሣት አለብኝ ብላ አሰበች። ማታ ሐይቁ ዳር ይደገማል፤ መኪናው ግን አይደገምም። የነርሷ ክንድ በላይዋ ወድቋል፤ ከብዷል። ሁለተኛው ጥሩምባ ግቢውን አናወጠው። ጋጋሪው እንኳ አልተገላበጠም። አንዴ ብቻ ሁሉንም ልስማቸውና እነሣለሁ አለች።

የመኪና በር በኃይል ተዘጋ። እርምጃ መጣ። «እናንተ ሰዎች! እኔ እናቴንም አልጠብቅም አላልኩም…» የአጥሩ በር ሲጢጥ አለ፣ ድምፁም እዚያው ቆመ። ሾፌሩ ድንኳኑ ደጃፍ የተደረደሩትን ዘጠኝ ጥንድ ጫማዎች ሳያይ አልቀረም። ጥቂት ቆየ። ከዚያ እርምጃው ወደ መጣበት ተመለሰ፤ ሲመጣ የነበረውን ያህል አይጮህም።

ሸራ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፍና ሦስተኛውን ጥሩምባ ጠበቀች። የሰማችው ግን ሞተሩ ሲጠፋ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልሰማችም፤ እሷም ተኝታ ነበር።